የኋላ ኮፈን ደጋፊ ዘንግ በቤት ስለ መለወጡ

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ማዕድ ቤት ንጽሕናና ስለ ልብስ አጠባበቅ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። አውቶሞቢል ግን የባለቤቱና የነጂው ጉዳይ ብቻ መስሎ ስለሚታይ ወደዚህ ገጽ እምብዛም አይገባም። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት የኋላውን ኮፈን ከፍቶ የገበያውን ዘንቢል የሚያስገባውና የሚያወጣው ከነጂው ይልቅ እመቤቲቱ፥ ልጆቹና አሮጊቶቹ ናቸው። እንግዲህ በኮፈኑ ሥር የሚደርሰው አደጋ የቤተ ሰብ አደጋ ነውና፥ እኔ ራሴ በቸልተኛነቴ ያደረስሁትን ልናገር፥ ከዚያም የተማርሁትን ላስረዳ አሰብሁ።

በጥር ወር ለዘመድ ሠርግ ከአዲስ አበባ ተነሥተን በጅማና በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ ወረድን። መንገዱ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናችን ቶዮታ ቪትዝ የምትባለው፥ ዛሬ በየከተማው የምትታየው ትንሽ አውቶሞቢል ናት። የኋላ ኮፈኗ መስታወቱን ይዞ ወደ ላይ የሚነሣ ሲሆን በግራና በቀኝ በሁለት ዘንጎች ተደግፎ ይቆማል። እነዚህ ዘንጎች መድከማቸውን ገና አዲስ አበባ ሳለሁ ዐውቄ ነበር፤ ኮፈኑ ከተከፈተ በኋላ እንደሚያንቀላፋ ሰው ቀስ እያለ ይወርድ ነበርና። ቦንጋ ላይ ባደርን ማግስት ግን ማለዳው ብርዳም ስለ ነበረ ጨርሶ አልቆም አለ። እኔም ከመንገድ ዳር አንድ የቡና እንጨት ዱላ ቈርጬ ደገፍሁትና ሥራ የሠራሁ ያህል ደስ ብሎኝ ጉዞዬን ቀጠልሁ።

ሚዛን ስንደርስ ቀትር ነበረ፤ ፀሓዩም ያቃጥል ነበር። ኮፈኑን ስከፍተው ያለ ዱላ ቀጥ ብሎ ቆመ! ራሱ የዳነ መሰለኝ። ይህ ስሕተት ከምን እንደ መጣ ወደ ታች እናገራለሁ።

ከሠርጉ በኋላ የመመለሻችን ዋዜማ ማታ አክስቴ እንደ አገሩ ልማድ ስንቅ ይጭኑልን ጀመር። አንድ ገንቦ ማር፥ ሁለት ፈረሱላ ቡና፥ እርሱም 34 ኪሎ መሆኑ ነው፥ ኮረሪማም በቋጠሮ አምጥተው ነበር። ዝናብ ጥሎ አየሩ ቀዝቅዟል። እኔ ዱላውን አቁሜ ገመድ ላመጣ ወደ ቤት ስገባ፥ እርሳቸው ገንቦው እንዳይደፋ ሊያስተካክሉ ወደ ውስጥ ጐንበስ አሉ። ዱላው በጭቃው ላይ አዳለጠው። ኮፈኑም ከነብረቱ ከነመስታወቱ ወርዶ የመቈለፊያው ጫፍ ግንባራቸውን መታው። ጩኸት ሰምቼ ስመለስ ነጠላቸው ደም ለብሷል።

ሐኪም ቤት ወስደናቸው ቁስሉ ተሰፋ። ሐኪሙም የሚያስመልሳቸው፥ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ የሚጥላቸው ወይም ንግግራቸው የሚዘባርቅ ቢሆን በሌሊትም ቢሆን ፈጥነን እንድንመልሳቸው አዘዘን። ራሱን የተመታ ሰው ባለበት ቤት ሁሉ ይህ ምክር መታወቅ ያለበት ነው። በአልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ አደርሁ። ሲነጋጋ እትዬ ዐይናቸውን ገልጠው፥

«ልጄ፥ ያ ዱላ ከመቼ ጀምሮ ነው እመኪናህ ውስጥ ያለው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ከቦንጋ ጀምሮ ነው፥ እትዬ።»

«እንግዲያማ የመታኝ መኪናው አይደለም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እግዚአብሔር ይመስገን፥ ቁስሉ ድኖላቸዋል። እኔ ግን ዘንጎቹን ሳልለውጥ ከዚያ ግቢ እንዳልወጣ ቈረጥሁ፤ የመመለሻችንም ቀን በ6 ቀን ተራዘመ።

ይህ ዘንግ ምንድር ነው? ከውጭ ሲያዩት ከጥቁር ቱቦ ውስጥ የሚወጣና የሚገባ፥ የሚያብለጨልጭ ቀጭን ብረት ነው። የጋራዥ ሰዎች የኮፈን ሾክ ይሉታል፤ አሞርዛቶሪም የሚሉት አሉ። ሆኖም በጎማው በኩል ካለው አሞርዛቶሪ ጋራ ሥራው አንድ አይደለም፤ ያኛው የመንገዱን መንቀጥቀጥ ያበርዳል፥ ይኼኛው ክብደት ይሸከማል። ብዙ ሰው በውስጡ የተጠመጠመ ሞላ ያለበት ይመስለዋል። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ግን ናይትሮጅን የተባለው ጋዝ ታምቆ፥ ከጥቂት ዘይት ጋራ ብቻ ነው። ናይትሮጅን የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ክፍል ነውና መርዝነት የለውም፥ አይነድምም። የሚያስፈራው መታመቁ ነው። ስታቢሉስ የተባለው የጀርመን አገር የኮብሌንዝ ኩባንያ ይህን ዕቃ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በፋብሪካ በብዛት ሲሠራው ኖሯል።

የመታመቁን ልክ ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በቱቦው ላይ አንድ ቁጥር ከኒውተን ምልክት ጋራ ተጽፎ ይገኛል፤ 400 የሚል ነው እንበል። 10 ኒውተን የ1 ኪሎ ክብደት ያህል ስለ ሆነ 400 ኒውተን ማለት 40 ኪሎ ያህል የሚገፋ ማለት ነው። ቀጭኑ ዘንግ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው አፉ ግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። በዚህች ጠባብ ስፍራ 40 ኪሎ ለመግፋት በውስጡ ያለው ጋዝ በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ 80 ኪሎ ያህል መጫን አለበት። የትንሽ መኪና ጎማ ነፋስ 2 ኪሎ ያህል ስለሚጫን፥ ይህች ከክንድ የማትበልጥ ቱቦ ከጎማ 40 እጥፍ የታመቀች መሆኗ ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ስለ ሚዛኑ ቀትርና ስለ ቦንጋው ማለዳ እንናገር። የታመቀ ጋዝ ሲሞቅ ይበልጥ ይገፋል፥ ሲቀዘቅዝ ይደክማል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በወረደ ቍጥር ዘንጉ ከ100 እጅ 3 ተኩል ያህል ኃይሉን ያጣል። አዲስ ዘንግ ይህን ጉድለት ሳያስታውቅ ይችለዋል፤ በአፋፍ ላይ የቆመ አሮጌ ዘንግ ግን በዚህች ጥቂት ነገር ይረታል። ስለዚህ ቴፒን በመሰለ ቈላማ ከተማ በቀትር የቆመ ኮፈን፥ ወደ ደጋው ወጥቶ በማሻ ወይም በቦንጋ ብርድ ቢወድቅ አያስደንቅም። ቀትር ላይ መቆሙን አይቶ ዳነ ማለት፥ ወባ ትኵሳቱ ለአንድ ቀን ስለ በረደ ተፈወስሁ እንደ ማለት ነው።

ዘንጉን የሚያደክመው ዕድሜ ብቻ አይደለም። ጋዙ እንዳይወጣ የሚከለክለው በቱቦው አፍ ያለው ትንሽ የጎማ ቀለበት ነው። የደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ከአገራችን ሁሉ ዝናብ የሚበዛበት ነውና ቀዩ ጭቃ በዘንጉ ላይ ይረጫል፥ ይደርቃል፥ ኮፈኑ በተዘጋ ጊዜም ከዘንጉ ጋራ ገብቶ ቀለበቱን ይፍቃል። ርጥበቱም ዘንጉን ያዝገዋል፤ የዛገ ዘንግ ደግሞ እንደ ሞረድ ነው። የዘይት እድፍ በቱቦው አፍ ላይ ከታየ ቀለበቱ መበላቱን ያመለክታል።

በጣም ያዘንሁት ግን በአውቶቡስ መናኸሪያው ያየሁትን ባየሁ ጊዜ ነው። ከሚዛን ወደ ቴፒ፥ ወደ ጅማም መንገደኛ የሚያመላልሱት ቶዮታ ሃይኤስ የተባሉት ሚኒባሶች የኋላ በራቸው እንደ ቤት መዝጊያ ሰፊና ከባድ ነው፤ ወደ ላይም የሚነሣ ነው። ከአምስቱ በሁለቱ ረዳቱ በሩን በእንጨት ደግፎ ጆንያ ሲጭን፥ መንገደኞችም ከነሕፃናታቸው ከበሩ ሥር ቆመው ዕቃቸውን ሲቀበሉ አየሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪና የሚያዝዙ ሹማምንት ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ቢሆን፥ ከመሥክ መኪኖቻቸው ኋላ ዱላ አለ ወይስ የለም ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ጐንበስ ብለው ይዩልኝ። በጐን የሚከፈቱት፥ እንደ ቀድሞው ፕራዶና እንደ ቀድሞው ራቭ ፎር ያሉት፥ ከዚህ ጭንቀት ነጻ ናቸው፤ ወደ ታች የሚዘረጋው የፒክአፕ በርም እንዲሁ።

ወደ ሥራው ልመለስ። መጀመሪያ የሠራሁት ስሕተት መግዛቱ ላይ ነው። ከአንድ ሱቅ ገብቼ የመኪናዬን ስም ብቻ ብናገር ባለ ሱቁ ሁለት አዲስ ዘንጎች አውጥቶ «እነዚህማ ከፋብሪካው የበለጠ ጠንካራ ናቸው» ብሎ ሸጠልኝ። ጠንካራ የተባለ ነገር ሁሉ መልካም ይመስለናልና ደስ ብሎኝ ከፈልሁ። የእኅቴ ልጅ የቴክኒክ ተማሪ ነው፤ ከአሮጌው አጠገብ አጋድሞ ሜትር ዘረጋባቸውና፥

«ጋሼ፥ እነዚህ በአራት ጣት ይረዝማሉ፤ ቁጥራቸውም ከአሮጌው በእጥፍ ይበልጣል። ቢገቡ ኮፈኑ አይዘጋም፤ በጉልበት ልዝጋው ቢሉ ማጠፊያው ይጣመማል፥ መስታወቱም ይሰነጠቃል» አለኝ።

ሱቁ ገንዘቤን አልመልስም አለ። እኔም ያንን ኪሣራ ለቸልተኛነቴ ቅጣት ቈጥሬ ተውሁት።

ስለዚህ የሚገዛ ሰው አራት ነገር ይዞ ይሂድ። የመጀመሪያው ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳለ ከአንዱ ጫፍ መካከል እስከ ሌላው ጫፍ መካከል ያለው ርዝመት ነው። ሁለተኛው በቱቦው ላይ የተጻፈው ቁጥር፥ ከኒውተኑ ጋራ። ሦስተኛው የጫፉ ዐይነት፤ በክብ ራስ ላይ የሚሰካ ነው ወይስ በብሎን የሚታሰር። አራተኛው የመኪናው የሻንሲ ቁጥር። ጽሕፈቱ ቢፋቅ እንኳ የእጅ ስልክ ባለበት ዘመን ፎቶግራፍ አንሥቶ መላክ ቀላል ነው፤ እኛም እንዲሁ አድርገን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለ ወዳጃችን ልኩን ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልን። አንዱ ብቻ የደከመ ቢመስልም ሁለቱንም አንድነት መለወጥ ይገባል፤ አንዱ ብርቱ ሌላው ደካማ ሲሆን ኮፈኑ ተጣሞ ይነሣል፥ ማጠፊያውም ይጐዳል።

ሥራው ራሱ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። መሣሪያውም ጠፍጣፋ አፍ ያላት ትንሽ ካቻቢቴ፥ አንድ ቈራጭ ጨርቅ፥ ጥቂት ግራሶና አንድ ብርቱ ረዳት ናቸው፤ በብሎን የሚታሰር ከሆነ ልኩ ቁልፍ ይጨመራል። መኪናውን ከሜዳ ላይ ማቆም፥ የእጅ ፍሬኑን መሳብና ውስጡን ባዶ ማድረግ ይገባል። ነፋስ ባለበት ቀን አይሠራም። ከዚያ ኮፈኑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ በሚገባ መደገፍ ነው። እኛ እንደ እኔ ዱላ ያለ ነገር አልወደድንም፤ ወፍራም አጠና በልኩ ቈርጠን፥ በላይኛው ጫፉ ጨርቅ ጠምጥመን፥ የታችኛውን ጫፍ ከማይንሸራተት ከመኪናው ወለል ጥግ አስገብተን አቆምን። ይህም ሆኖ አንድ ሰው ኮፈኑን በሁለት እጁ ይዞ ከሥራው ፍጻሜ ድረስ አይለቅም። ሕፃናት በአጠገቡ አይቁሙ።

ሁለቱን ዘንጎች አንድነት ማውለቅ ክልክል ነው። አንዱን አውልቆ በስፍራው አዲሱን ከተኩ በኋላ ወደ ሁለተኛው ይታለፋል። ከማውለቅ በፊት የቱቦው ወፍራም ወገን ወዴት እንደ ነበረ ልብ ማለት ያሻል፤ ኮፈኑ ተዘግቶ ሳለ ቀጭኑ ዘንግ ወደ ታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ምክንያቱም በውስጡ ያለው ጥቂት ዘይት ወደ ቀለበቱ ወርዶ እንዳይደርቅ ያርሰዋል፤ ተገልብጦ የተሰካ ዘንግ ቀለበቱ ደርቆ ጊዜው ሳይደርስ ይደክማል።

የዘንጉ ጫፍ በኳስ መሳይ ብረት ላይ የተሰካ ሲሆን በቀጭን የሽቦ ቅንጥብ ተይዟል። የካቻቢቴውን አፍ ከቅንጥቡ ሥር አስገብቶ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ማንሣት ይበቃል፤ ጨርሶ ቢያወጡት ተስፈንጥሮ ሣር ውስጥ ይጠፋል። የእኛው የመጀመሪያው እንዲያ ጠፍቶ የእኅቴ ልጅ በጉልበቱ ተንበርክኮ ብዙ ፈልጎታል። ቅንጥቡ ሲነሣ ጫፉን ወደ ራስ ሳብ ቢያደርጉት ይወጣል። ኳሱን በጨርቅ ጠርጎ ጥቂት ግራሶ መቀባት መልካም ነው። ቀጭኑን ዘንግ ግን ዘይትም ግራሶም ቀለምም አይነካውም፤ አቧራ ይይዝበታልና። በፒንሳም አይያዝ፥ የፒንሳ ጥርስ የጫረው ዘንግ ቀለበቱን ይቈርጠዋል።

አዲሱ ዘንግ ተዘርግቶ ነው የሚመጣው፤ በእጅ ቢጫኑትም እሺ አይልም። እኔ ጫፎቹ አልገጥም ቢሉኝ ዘንጉን ላሳጥር ታገልሁ፤ መፍትሔው ግን ረዳቱ ኮፈኑን ሁለት ጣት ያህል ከፍ እንዲያደርገው መንገር ብቻ ነበር። ጫፉ በኳሱ ላይ ሲገባ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ ካልተሰማ አልገባም። ከዚያ በእጅ ሳብ አድርጎ መፈተን፥ ሁለተኛውንም እንዲሁ መሥራት፥ በመጨረሻም አጠናውን አውጥቶ ኮፈኑን በዝግታ እያዩ መዝጋት ነው። አንዳች ነገር ሲነካ ወይም ሲከብድ ቢታይ አቁሞ መመርመር እንጂ በኃይል መድፈቅ አይገባም። የእኛው ስንከፍተው ከወገብ በላይ ራሱ ተነሥቶ ወጣ። እትዬም በበረንዳ ተቀምጠው ያዩ ነበርና «ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነበረ» አሉ።

ሁሉ አለቀ ብዬ እጄን ስታጠብ ከሁሉ የከፋው ነገር ሊመጣ ነበር። የሰፈሩ ልጆች አሮጌዎቹን ዘንጎች አንሥተው ለቀጥቃጭ ሊሸጡ ሲሄዱ የእኅቴ ልጅ አየና ሮጦ ነጠቃቸው። በአገሩ አሮጌ የመኪና ብረት ማረሻና መጥረቢያ ይሆናል፤ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ከላይ ያልነውን 80 ኪሎ እናስታውስ። ደክሟል የምንለው ዘንግ ኮፈን ለመሸከም ያህል ኃይል አነሰው እንጂ ባዶ አይደለም፤ ብዙው ጋዝ ገና በውስጡ አለ። ከፍም እሳት ውስጥ ሲገባ ጋዙ ይበልጥ ይታመቃል፥ የቱቦው ብረት ግን በግለት ይለሰልሳል፤ በመጨረሻም እንደ ጥይት ይፈነዳል። በመጋዝ መቍረጥም፥ መብሳትም፥ በመዶሻ መደብደብም እንዲሁ ያሠጋል። ጋዙን የማስወጣት ሥራ ስፍራውንና አኳኋኑን የሚያውቅ የጋራዥ ባለሙያ ፊቱን ጋርዶ የሚሠራው እንጂ በግቢ የሚሞከር አይደለም። በቤት ያለ ሰው ልጆች ከማይደርሱበት፥ ከእሳትም ከፀሓይም ርቆ አስቀምጦ ለጋራዥ ያስረክብ።

ቀጥቃጩን ሄጄ አነጋገርሁት፤ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና ከብረት ክምሩ ውስጥ ሦስት እንዲህ ያሉ ዘንጎች፥ ሁለቱ የቪትዝ አንዱ የትልቅ መኪና፥ መዝዞ አወጣ። «እነዚህን ለነገ ነበር ያሰናዳኋቸው፥ ጌታዬ» አለኝ። ከእኛዎቹ ጋራ አምስት ሆኑ። በጨርቅ ጠቅልለን፥ ከማሩና ከቡናው ለይተን፥ ጅማ ላይ ለአንድ ጋራዥ አስረክበናቸው አለፍን።

ዱላውን እትዬ አልመለሱልኝም። ባለፈው ሰሞን ስልክ ብደውልላቸው የዶሮ ቤቱን መዝጊያ ከውስጥ ይደግፉበታል መሰለኝ፥ «እዚህ ሥራ አግኝቷል» አሉኝ።